ሽማግሌ ጭኜ ቴርሞስታት የቀየርኩ ዕለት

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ቴርሞስታቱ ያልተነቀለ አሮጌ መኪና ካያችሁ፣ ባለቤቱ ወይ ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ ወይ መካኒክ ገና እጁን አላሳረፈበትም። ዘይት ላስቀይር ብላችሁ ሂዱ፣ ይነቀላል። ፍሬን ይታይልኝ ብላችሁ ሂዱ፣ ይነቀላል። የኔን የነቀለው ሰውዬ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሽቦ ወጥሮ፣ ከየመኪናው ያወጣቸውን ሁሉ እንደ ቋንጣ ሰቅሏቸዋል። የኔንም እዚያው አንጠልጥሎ፣ «መምህር፣ ይቺ እኮ ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራች ናት። እዚህ ሞተር ማፈኛ ናት። አሁን በደንብ ይተነፍስልሃል» አለኝ።

እኔ ደግሞ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ቴርሞስታት ማለት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የምትቀመጥ ትንሽ በር ናት። ሞተሩ ሳይሞቅ ተዘግታ ትቆያለች፤ ሲሞቅ ራሷ ትከፈትና ውሃው ወደ ራዲያተሩ ሄዶ እንዲበርድ ትለቀዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በአምስት ደቂቃ አስረድቼ አውቃለሁ። ለሰውዬው ግን ግማሽ ቀን ሙሉ አስረዳሁት፤ በመጨረሻ «መምህር፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ወደ ሥራው ሄደ። ያቺ ትከሻ መታ መታ እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

ነቅሎ ብቻ ቢተወኝ እንኳ ባልከፋ። ዳሩ ግን ውሃው እንዳይወጣ የምትይዘው ቀለበት ጎማ የምትጠለቀው ቴርሞስታቷ ዙሪያ ነው። በሯ ስትወጣ ጎማዋም መያዣ አጣች። ሰውዬው ምን ቸገረው፣ በጎማዋ ፈንታ ሲሊኮን ለጠፈበት። በሦስተኛው ሳምንት መንጠባጠብ ጀመረ። ሄድኩ፤ በላዩ ላይ ሌላ ሲሊኮን ደረበበት። እንደገና አፈሰሰ፤ እንደገና ደረበ። ያ ራዲያተር ውስጥ የሚሞላው አረንጓዴ ኩላንት ሁሉ መንገድ ላይ ፈስሶ ሲያልቅ «ምን ላድርግ?» ብዬ ብጠይቀው «ውሃ ያዝ» አለኝ። ውሃ ያዝ! ይኸው ነው እንግዲህ ጥገናው። ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ከኋላ ሁለት ጀሪካን ውሃ ሳትጭን ከግቢ ወጥታ አታውቅም።

እኔም እልህ ያዘኝ። አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ደውዬ፣ አዲስ ቴርሞስታት ከነጎማዋ ገዝቶ በአውቶቡስ እንዲልክልኝ ለመንኩት። አርብ ከሰዓት በኋላ ደረሰችልኝ። ከነማሸጊያዋ ዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳትና እሁድ እገጥማታለሁ ብዬ አሰብኩ። ምነው እንዳሰብኩት ባደረግሁ!

ቅዳሜ ሌላ ጉዳይ ነበረኝ። ማሻ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። የተዋወቅነው ቴፒ ላይ በአንድ ሰርግ ነው፤ የድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያፈጥ፣ እኔ ከፍቼ ሳስተካክለው አይታኝ «እጅህ ነገር ያውቃል» አለችኝ። እኔ ሠላሳ ዘጠኝ፣ እሷ ሠላሳ አራት፤ ሁለታችንም ዘመድ በስማችን ጾም ጸሎት የሚይዝበት ዕድሜ ላይ ደርሰን ነበር። በየሳምንቱ ወይ እሷ ቴፒ ትወርዳለች፣ ወይ እኔ ማሻ እወጣለሁ። የምትስቀው ሳቅ አለ፣ መጀመሪያ በአፍንጫዋ ይጀምራትና ከዚያ መቆም ያቅታታል። እሱን ሳቅ ቤቴ ውስጥ ፈልጌው ነበር፤ ሌላ ምን ልበል።

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው። ያረፈደ ባለጉዳይ መዝገቡ ሲዘጋበት እያየ ነው ጡረታ የወጣው። ያውም አንድ ጊዜ አስቀይሜው ነበር። መጀመሪያ ሽማግሌ እልካለሁ ባልኩበት ቀን የፈተና እርማት ያዘኝና ቀረሁ፤ ሰውዬው ቤቱን አስጠርጎ፣ በግ አሳርዶ ጠብቆኝ ኖሯል። «በቃ፣ ቀረ» ብሎ ነበር። ልጅቷ ወራት ሙሉ ስትለምነው ከርማ በስንት መከራ እሺ አሰኘችው። ደውላ ነገረችኝ። «ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በፊት ይምጡ ብሏል። ከስድስት ሰዓት በኋላ የመጣ ለኔ መንገደኛ ነው ብሏል። ስማኝ፣ ሁለተኛ ለምኜልሃለሁ። ሦስተኛ አልለምንም» አለችኝ።

«ሦስት ሰዓት ላይ በር ላይ ናቸው!» አልኳት። እንዲህ ነኝ እኔ።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ጎረቤቴ ጋሼ ናቸው፤ የቡና እርሻ የጭነት መኪና ሲነዱ ያረጁ፣ ከዚህ እስከ ማጂ ድረስ ያልገቡበት ጭቃ የሌለ ሾፌር። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሲጸልዩ በአማርኛ ይጀምሩና ነገሩ ሲጠና ወደ ቤንችኛ ይሻገራሉ። ሦስተኛው ሐጂ ናቸው፤ ከጅማ በኩል መጥተው ሚዛን ገበያ ውስጥ ኮረሪማና እርድ ሲነግዱ የኖሩ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሰው። በወጉ ከሆነ ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል እንጂ አብሮ አይሄድም። እኔ ግን መኪናዬን ለሰው አልሰጥም። ጋሼ እንኳ «እኔ ልንዳት፣ አንተ ቅር» ቢሉኝ «የርሷን ጠባይ አያውቁትም» አልኳቸው። ሾፌሩን! ማሻ መግቢያ ላይ አውርጃቸው እዚያው ተደብቄ እጠብቃለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ቅዳሜ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ለመንገዱ ጸለዩ፣ ለጎማው ጸለዩ፣ ለልጅቷ አባት ልብ ጸለዩ፤ ወደ ቤንችኛ ሲሻገሩ ለራዲያተሩ ይሆናል ብዬ እኔም «አሜን» አልኩ። እስከ ቴፒ ድረስ ሁለት ጊዜ ብቻ ቆምን። ጋሼ የሙቀት መለኪያዋን መርፌ በዓይናቸው እየተከተሉ «ቁም» ይሉኛል፤ ወርደው፣ ትንሽ ታግሠው፣ ጨርቅ ጠቅልለው የራዲያተሩን ክዳን ቀስ አድርገው ይከፍቱና ውሃ ይሞሉበታል። ከዚያ «እንሂድ» ይላሉ። ሌላ ቃል የለም። ሁለት ሰዓት ላይ ቴፒ ገባን። «ከዚህ ወዲያ ዳገት ነው፤ አራት ጊዜ ብናቆም ነው። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ማሻ ነን» አሉ ጋሼ። ልክ ነበሩ። አሁን ተቀምጬ ሳሰላው አንድ ደቂቃ እንኳ አልተሳሳቱም።

ቁርስ ለመቅመስ አንዲት ሴት ሻይ የምታፈላበት ደጃፍ ቆምን። አጠገቡ ጋራዥ አለ። የጋራዡ ባለቤት እጁን ኪሱ ከቶ መጣና፣ ከመኪናዬ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ አየ።

«ወንድሜ፣ ታፈሳለች» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ቴርሞስታቷን ቢያወጧት እኮ ትተወው ነበር።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። «ወጥታለች! የምታፈሰው ስለወጣች ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«አሃ» አለ፣ ምንም ሳይደንቀው። «እንግዲያው ሲሊኮን ነዋ የምትፈልገው።»

መሳቢያውን ከፍቼ ዕቃዬን አወጣሁና «ሲሊኮን አልፈልግም። የምፈልገው ይቺን ነው። አሁን ነው የምገጥማት፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም» አልኩት። ሰውዬው ዕቃዋን በሁለት ጣቱ ይዞ አገላበጣትና ወደ ጎረቤቶቹ ዞሮ «ኧረ ኑ እዩ! ቴርሞስታት የሚያስገባ ሰው መጣላችሁ!» አለ። ሲያስወጣ የኖረ ሰፈር ሁሉ ሳቀ። ከዚህ በኋላ እንኳን የማሻው አባት፣ የገዛ አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ ቢለምነኝ የምመለስ አልነበርኩም።

ጋሼ ሻያቸውን ትተው ተነሡ። «ልጄ፣ ዛሬ አይደለም። ውሃ እየጨመርን እንግባ፤ ነገ ትገጥማታለህ» አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፣ ሰው እንዳይሰማ። እኔ ግን ሰው እንዲሰማልኝ ፈልጌ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አገሩን ሁሉ ቴርሞስታት አልባ ያደረጉት እንደ እርስዎ ያሉ ሾፌሮች ናቸው። አንዱ ነቀለ፣ ሌላው አይቶ ነቀለ። ለምን ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም!»

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉት። ከዚያ ሄደው ተቀመጡ። ሐጂ ወደኔ ዞረው አዩኝ። አፌን በቆረጠው።

ሞተሩ ትኩስ ስለሆነ እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብኝ። አስተዋይ ሰው ቢሆን ይህችን ጊዜ ለማሰብ ይጠቀምባታል። እኔ ምን አደረግሁ? ማስተማር ጀመርኩ። ሻይ የምታፈላዋን ሴት «እህቴ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ስጪኝ» አልኳት። «ምን ልትከትበት?» አለች። ስነግራት «ኧረ በሕግ አምላክ! ሰው የሚጠጣበትን?» ብላ በእጇ ሸፈነችው። ለምኜ፣ አሮጌ ጣሳ አግኝቼ፣ ውሃውን አስፈልቼ ቴርሞስታቷን በክር አንጠልጥዬ ነከርኳት። ሰው ከበበኝ። «አሁን ተዘግታለች፣ አያችሁ? ጠብቁ... ጠብቁ...» እያልኩ ቆየሁ። ቀስ ብላ አፏን ከፈተች። አንዱ አጨበጨበ። ሌላው «አዳሜ፣ ሕይወት አላት እንዴ?» አለ። ከውሃው አወጣኋት፤ ስትበርድ ተዘጋች። «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩላቸው። የጋራዡ ሰውዬ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ሲያይ አየሁትና፣ እውነቱን ልናገር፣ ስመረቅ እንኳ እንደዚያ ደስ አላለኝም።

በዚህ መሃል ስልኬ ጠራ። ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር።

«የት ደረሳችሁ?» አለችኝ።

«ቴፒ ነን። ብታዪ፣ ተከፈተች እኮ!»

«ማን?»

«ቴርሞስታቷ! ሰው ሁሉ እያየ!»

«ከስድስት በፊት ነው ያለው» አለች።

«ግማሽ ሰዓት ናት። ምን ሆነሻል፣ እደርሳለሁ ስልሽ!»

ቴርሞስታቷ ያለችበትን ክዳን የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው። አንደኛው በደንብ ወጣ። ሁለተኛው በዝገትና በሲሊኮን ተጋግሮ አልንቀሳቀስ አለኝ። የጋራዡ ሰውዬ «ቀስ በል፣ ይሰበራል» አለኝ። እሱ ስላለ ጨክኜ ጠመዘዝኩት። ቀጭ! ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ ሞተሩ ውስጥ ቀረ። ሰውዬው አልሳቀም። «አይዞህ» አለኝ፣ ከሳቅ የባሰችው ያቺ አይዞህ ነበረች። አሁን ውሃ እየጨመሩ መሄድም ቀረ፤ ክዳኑ ካልታሰረ መኪናዋ አንድ እርምጃ አትሄድም።

ሐጂ ወዲያው መናኸሪያ ደርሰው ተመለሱ። «የማሻ ሚኒባስ እየጫነ ነው፣ ሦስት ወንበር ይዣለሁ» አሉ። «እኛ እንሂድ፣ አንተ ሥራህን ጨርስ። አራት ሰዓት ነው፣ እንደርሳለን።»

ይኸው፣ እግዜር በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶልኝ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ? «ሽማግሌ ከዶሮና ከሙዝ ጋር ተጭኖ ልጅ ሊጠይቅ አይሄድም። ክብር አለ!» አልኩ። የምን ክብር፤ ውሸቴን ነው። ያ ሁሉ ሰው እያየ ሽማግሌዎቼ በሚኒባስ ከሄዱ እኔ ተሸነፍኩ ማለት ነው። መኪናዬ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ፣ ሦስቱን ሽማግሌዎች ጭና፣ በዚያ ጋራዥ ፊት ስታልፍ ማየት ፈልጌ ነበር።

ሐጂ አፍጥጠው አዩኝ። «ወላሂ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሽማግሌ የላክኸን ለሴቲቱ ነው ወይስ ለመኪናዋ?»

«ሐጂ፣ አንድ ብሎን እኮ ናት!»

ጋሼን አየሁ። አንድ ቃል ቢናገሩ ሦስቱም ተነሥተው ይሄዱ ነበር። ጋሼ ግን «ላኪያችን እሱ ነው። ያለውን እንስማ» ብለው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ። ሚኒባሱ ክላክስ እያደረገ በፊታችን አለፈ።

የተሰበረውን ብሎን ለማውጣት ድሪል ያስፈልጋል። ድሪሉ ያለው ብየዳ ቤት ነው፤ የብየዳ ቤቱን ሰው ከነድሪሉ ለምኜ አመጣሁትና ከጋራዡ መስመር ስቦ ሲሰካ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ያለው ሰው ለቅሶ ሄዷል ተባለ። ቆምኩ። ተቀመጥኩ። ሄጄ ቆጣሪውን አየሁት፣ እኔ ሳየው የሚመጣ ይመስል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ መጠየቅ ፈራሁ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደግማ ደወለች።

«አባዬ ኮቱን ለብሶ በረንዳ ላይ ተቀምጧል» አለችኝ። «ጌጫ ከተማን እንኳ አልፋችኋል በለኝ።»

«መብራት ጠፍቶ ነው። ብሎኗ ሰውዬው ባይናገረኝ ኖሮ አትሰበርም ነበር፣ እሱ ነው ያናደደኝ። ግን ታያለሽ፣ ከዚህ በኋላ ይቺ መኪና ሁለተኛ...»

«ስለ መኪናዋ አልጠየቅሁህም።»

«ገብቶኛል፣ ግን ነገሩን በትክክል ብታዪው...»

ዘጋችው። ኔትወርክ ነው ብዬ ስልኬን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጌ ዞርኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ራሴን ዋሸሁ።

መብራት የመጣው ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ብሎኑ ተበስቶ ወጣ፣ አዲስ ተተካ፣ የድሮው ሲሊኮን ተፋቀ፣ ቴርሞስታቷ ከነጎማዋ ቦታዋን ያዘች። ውሃ ሞልቼ ሞተሩን አስነሣሁና መሬት ላይ ተንበርክኬ አየሁ። ደረቅ! አንዲት ጠብታ የለም። «ኑ እዩ! ኑ ግቡና እዩ!» አልኩ። ጠዋት ከበውኝ ከነበሩት አንድም ሰው አልነበረም፤ ምሳቸውን ሊበሉ ሄደዋል። የጋራዡ ሰውዬ ብቻ ጎንበስ ብሎ አየና «ለጊዜው ነው» ብሎ ገባ።

ስምንት ሰዓት ላይ ከቴፒ ወጣን። መኪናዋ ዳገቱን ስትወጣ ምን ልንገራችሁ፣ ሌላ መኪና ሆናለች። መርፌዋ መሃል ላይ ቆማ ንቅንቅ የለም። ጫካው ውስጥ ስንገባ ጉሙ መጣ፣ ብርዱ መጣ፤ ማሞቂያውን ከፈትኩት፣ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቅ ያለ አየር ነፈሰ። «ይኸው! ሞተሩ ሙቀቱን ሲይዝ ማሞቂያውም ይሠራል፣ አያችሁ? ሁሉም የተያያዘ ነው» አልኩ። ትንሽ ቆይቼ «መርፌዋን አያችኋት?» አልኩ።

«አየናት» አሉ ሐጂ ከኋላ። «መርፌዋ ጥሩ ናት። ሰዓቱን ደግሞ እየው።»

ማሻ ስንደርስ አስር ሰዓት ሆኗል። ካፊያ ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ ወፍጮ ቤት አጠገብ አወረድኳቸው። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ ጭቃውን እየመረጡ ወደ ላይ ወጡ። ጋሼ በግራ እግራቸው ትንሽ ያነክሳሉ፤ ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት፣ ጎረቤቴ ሆነው ስንት ዓመታቸው። እኔ ማሞቂያዬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እየጠበቅኋቸው ሳለ ሁለት ጊዜ ወርጄ ከመኪናዋ ሥር አይቻለሁ። ደረቅ መሆኑን ለማረጋገጥ።

አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቆዩ ተመለሱ። ሐጂና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ከኋላ ገቡ። ጋሼ ከፊት ገቡና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ። ፊታቸውን አየሁና ገባኝ፤ ልቤ ግን እሺ አላለም።

«አልቀበልም አላችሁ?» አልኩ።

«ሰውዬው ጨዋ ነው» አሉ ጋሼ። «ወንበር ሰጠን፣ ምግብ አቀረበልን። ጉዳይ አለን ስንለው ‘ከስድስት ሰዓት በኋላ የመጣ መንገደኛ ነው፤ መንገደኛ ደግሞ በልቶ ያርፋል፣ ጉዳይ አያነሣም’ አለን።»

«ከዚያስ?»

ሐጂ ከኋላ መለሱልኝ። «ከዚያማ ጋሼ ተነሥተው ቆሙ። ‘ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቴፒ ላይ አሞኝ ወደቅሁ፣ ልጁ ለኔ ሐኪም ሲፈልግ ነው የዋለው’ አሉ። እኔ እንኳ ደነገጥኩ፣ ወላሂ።»

ጠዋት ሰው ፊት ያዋረድኳቸው ሰው! ባርኔጣቸውን አውልቀው የሰው ቤት ቆመው ለኔ ዋሹ። ጋሼ ብዬ ዞርኩ፤ እሳቸው መስተዋቱ ላይ የሚወርደውን ካፊያ ነው የሚያዩት።

«ሰውዬው ለሰለሰ» አሉ ሐጂ። «‘ለታመመ ሰው ብሎ የዘገየ አይወቀስም’ አለ። ልጅቷን አስጠራትና እኛው ፊት ‘ምን ትያለሽ?’ አላት። አለቀልን፣ ተሳካ ብዬ ነበር።»

«እሷስ? እሷ ምን አለች?»

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጋሼ፣ ይንገሩኝ። በሞቴ» አልኩ።

«መጀመሪያ እኔን ‘አባባ፣ አሁን ተሻለዎት?’ አለችኝ» አሉ ጋሼ። «አዎ አልኳት። ዓይኔን አየችኝና እንባዋ መጣ። ‘አባባ፣ ለእርስዎ ብሎ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ እሺ እል ነበር’ አለች። ለአባቷም ነገረችው፣ ስልክ ላይ የነገርካትን ሁሉ። ‘ክፉ ሰው አይደለም’ አለች። ‘ግን እሱ ልክ መሆን ከጀመረ አጠገቡ ያለ ሰው አይታየውም። ዛሬ እርስዎን አላየም። አባቴን አላየም። እያወራኝ እኔን አላየኝም። ልክ በሆነ ቁጥር እንዲህ ብቻዬን ልቀመጥ ነው? አልችልም’ አለች።»

ማሞቂያው ይነፍሳል። ሆድ ባሰኝ፣ እንደ ልጅ ማልቀስ አማረኝ። ግን ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፤ ተሳስታለች ለማለት አፌን ከፈትኩ። ማስረጃዎቼ ምላሴ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ መብራቱ መጥፋቱ የኔ ጥፋት አለመሆኑ፣ ብሎኑ ድሮም የዛገ መሆኑ፣ እሷን ደግሞ ያላየኋት መቼ መቼ እንደሆነ ቀኑን ቆጥራ እንድትነግረኝ። «አንደኛ ነገር» ብዬ ጀመርኩ።

ጋሼ እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ንዳ» አሉኝ።